ያልሰደቡህ ቀን ጠርጥር

ባሌ ሽፈራው እንግሊዝ አገርን ረግጦ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሲያወራ የሰማው ሰው ሁሉ ትናንት ከሊድስ የገባ ስለሚመስለው ነው። የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ዌስተን፣ አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚሁ ህንፃ ላይ አስራ አራት ዓመታችን። ሊፍታችን ከተበላሸ ሶስት ሳምንት አልፎታል። ሰውዬውን የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው፤ ሀዲዱ ላይ ቅጠል ረግፎ ከሊድስ ወደ ማንችስተር የሚሄደው ባቡር ዘግይቷል።

«ቅጠል እኮ ነው ስመኝ! ዛፍ ቢወድቅ እሺ፣ ቅጠል!» ይለኛል፤ እኔ አስር ኪሎ ሽንኩርት ተሸክሜ አስራ አንድ ፎቅ ወጥቼ፣ በሩ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆሜ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሻ እንኳ በበላበት ነው የሚጮኸው። አንተ ቶሮንቶ እየበላህ ሊድስ ትጮኻለህ» እለዋለሁ። ይስቅና ሽንኩርቱን ይቀበለኛል፣ በአንድ እጁ። በሌላው ስልኩን ይዟል።

ነገሩ «ሻይ በወተት» የሚባል የዋትስአፕ ግሩፕ ነው። ስድሳ ሰባት ሰው አለበት። ስድሳ ስድስቱ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ሐበሾች ናቸው፤ አንዱ የእኔ ጉድ ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሲነሳ ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን ያያል፤ እዚያ ረፋዱ አምስት ሰዓት ስለሆነ ወሬው ሞቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ሁለት ጣት በረዶ ወርዶ ትምህርት ቤት ተዘጋ ይላሉ፤ ሽፈራው የበረንዳችንን የበረዶ ክምር ፎቶ አንስቶ «እኛ ይኼን ለቁርስ ነው የምንበላው» ብሎ ይልካል። ሐኪም ለማግኘት ገና በጠዋቱ ደውለን ሰላሳ አራተኛ ተራ ደረሰን ይላሉ፤ «ታዲያ ምን ታማርራላችሁ፣ ሰልፍ እኮ የአገራችሁ ስፖርት ነው» ይላቸዋል። ሙቁ ለብቻ፣ ቀዝቃዛው ለብቻ የሚወርድበትን የእጅ መታጠቢያቸውን ደግሞ አንስቶ አይጠግብም። «ዓለምን ስትገዙ ኖራችሁ ሁለት ቧንቧ ማገናኘት አቃታችሁ?» ሰዎቹ የጎጃምና የሐረር ልጆች ናቸው፤ እሱ ግን እንግሊዝ አድርጎ ነው የሚሰድባቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር በተቀየረ ቁጥር «ስሙን ልያዘው ወይስ ከመያዜ በፊት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል።

እነሱም አይምሩትም። በተለይ እታገኝ የምትባል በርሚንግሃም የምትኖር ሴት አለች፤ ምላሷ ምላጭ ነው። ሽፈራው የእሷ ሰፈር ቆሻሻ የሚነሳበትን ቀን በቃሉ ያውቃል። «እታገኝ፣ ነገ የሰማያዊው ቢን ተራ ነው፣ እንዳትረሺ» ብሎ ይልክላታል። «አንተ ወሬኛ፣ መጀመሪያ እዚያ ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ላይ ለባቡር የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ድፈኑ! ልጆቼ ተወልደው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ ያንተ ባቡር ገና እየመጣ ነው» ትለዋለች። ይኼን ሲያነብ እስኪያስለው ይስቃል። ልጃችን ኤልያና ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቅላ «ዳድ፣ ዩ ዶንት ኢቭን ሊቭ ዜር» ትለዋለች። እዚያ እኮ አትኖርም ማለቷ ነው። «መኖር ምን ያደርጋል፣ ዋናው ማወቅ ነው» ይላታል።

ደብረ ዘይት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ የቴምስን ወንዝ ከምንጩ እስከ ባሕሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስል የነበረ ሰው ነው። አሁን ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋል። ከዌስተን የኤርፖርቱን ባቡር ይዞ ይሄድና አቅመ ደካማ መንገደኞችን ከአውሮፕላኑ በር እስከ ታክሲው ያደርሳል፤ አሮጊቶቹ በማያውቀው ቋንቋ ሁሉ ይመርቁታል። እኔ በስራው አላፍርም። እሱም ቢጠየቅ አይዋሽም። ለግሩፑ ግን «ኤርፖርት ነው የምሰራው» ብሎ እዚያ ላይ አቁሟል። የእኛ ሰው ደግሞ አንዴ እንዲህ ከተነገረው ምኑን ነው የምትሰራው ብሎ አይደግምም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል።

ግሩፑ ውስጥ ያስገባው ታላቅ ወንድሙ ተክሉ ነው። ሁለት ዓመት ነው የሚበላለጡት። ሊድስ ዳቦ ፋብሪካ ይሰራል። እኔ በደህናው ጊዜ ጋሽ ተክሉ ነው የምለው፤ ሲያናድደኝ ተክሉ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያናድደኝ ኖሯል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሽፈራው የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆነ። በዚያው ሳምንት አማቴ፣ የሽፈራው እናት፣ አዲስ አበባ አረፉ። ተክሉ በርሮ ሄዶ ቀበረ። ለሽፈራው ግን ስፌቱ እስኪደርቅ አይነገረው ተባለ። ስፌቱ ደረቀ፤ አሁን ደግሞ ማን ይንገረው ተባለ። ያኛው በዚህኛው እያመካኘ አርባ ቀን አለፈ። እኔም አላውቅም ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው፤ ፊቷ ያጋልጣታል ብለው ለእኔም ደበቁኝ። በአርባኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ሐበሻ በዚያ ሰዓት በር ካንኳኳ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ።

ሽፈራው አልቅሶ አልቅሶ ሲያበቃ ስልኩን ከፍቶ የአርባውን ቀን ወሬ ወደ ኋላ ማንበብ ጀመረ። እናቱ በተቀበሩ በሶስተኛው ቀን ስለ እንግሊዝ ዝናብ የቀለደውን ቀልድ አገኘ። ከስሩ ተክሉ «ሃሃሃ» ብሎ መልሶለታል። ደግሞ ያን ሰሞን ግሩፑ ሁሉ ማር ነበር። «ወንድማችን፣ ጤናህን ያብዛልህ»፣ «አንተ እኮ ልክ ነህ»። ስድሳ ምናምን ሰው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልሰደበውም። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለተክሉ ደውሎለት አያውቅም። ተክሉ መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር፤ ሽፈራው አያነሳም፤ ተወው። ነገር ግን፣ የወንድ ልጅ ጉድ አያልቅም፣ ሁለቱም ከግሩፑ አልወጡም። በስልክ የማይነጋገሩ ወንድማማቾች በየቀኑ ሲተራረቡ ይውላሉ። «ያ የካናዳው» ይለዋል አንዱ፤ «ያ የዳቦው» ይለዋል ሌላው። እቤት ስሙን አይጠራም፣ ጠዋት ተክሉ ሳይሰድበው ግን ቁርስ አይወርድለትም። እኔም ይኼን እያየሁ፣ በቃ መነጋገር ማለት ለእነሱ ይኼው ነው ብዬ ተውኩት። ደውልለት ብዬ መጨቅጨቅ ነበረብኝ። አላደረግኩትም፤ ለዚህ ራሴን እወቅሳለሁ።

ባለፈው ህዳር፣ ሰኞ ቀን፣ ሽፈራው እንደ ልማዱ ለእታገኝ ስለ ቆሻሻ ተራዋ ጻፈላት። መልሱ እንዲህ የሚል ነበር፤ «አመሰግናለሁ ወንድሜ። ስላሰብክልኝ እግዚአብሔር ያስብህ። በርታ።»

ስልኩን አምጥቶ አሳየኝ። «ይቺ ሴትዮ አሟታል እንዴ?»

«ምናልባት ንስሐ ገብታ ይሆናል» አልኩት።

ማክሰኞ ስለ ባቡሩ ጻፈ። «እውነትህን ነው ጋሼ» አሉት። ረቡዕ፣ እንግሊዝ ውስጥ ምግብ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው የተቀቀለ ቅጣት ነው አለ። «ዋናው ጤና ነው» አሉት። ሐሙስ አውቆ አርሰናልን ሰደበ። ልብ በሉ፣ ከስድሳ ሰባቱ አርባው የአርሰናል ደጋፊ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ዘር ማንዘሩን ያነሱበት ነበር። ሶስት ሰው የልብ ምልክት ላከለት። ልብ!

የዚያን ዕለት ሽፈራው እራት አልበላም። «ስመኝ፣ ሰው ሞቶብኛል» አለኝ።

«ሂድ ወዲያ!»

«አርሰናልን ሰድቤ ልብ የላኩልኝ በጤናቸው ነው? ያኔም እንዲሁ ነበሩ። ቃል በቃል እንዲሁ።»

ተክሉስ ብዬ ጠየቅኩት። ተክሉ እንደ ወትሮው እየሰደበው ነበር፤ በዚያው ቀን እንኳ «ያ የካናዳው ኳስ በእጅ የሚጫወቱ መስሎት ነው» ብሎታል። እንግዲያው ምንም የለም፣ ወንድምህ እየቀለደ ማን ይሞታል አልኩት። የተናገርኩትን ራሴ ስሰማው አፌን ያዝኩ። ያኔም እየቀለደ ነበር እኮ። ሽፈራው አየት አደረገኝ። ከዚያ በኋላ አክስቶቹን በሙሉ ተራ በተራ ደወለላቸው። ሁሉም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም አንዷ የጉልበት መድኃኒት ላክልኝ አለችው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንት ሞላ። ሽፈራው ስራውን ይሄዳል፣ ይመጣል። ያን ሰሞን አዳዲስ ተቀጣሪዎች እያሰለጠነ ስለነበር ድካሙም አለ። ግሩፑ ላይ ግን ያው ምርቃት ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሲነሳ የተክሉ ስድብ የለም። ሽፈራው ራሱ ቀድሞ ሰደበው፤ መልስ የለም። ማታም የለም። ረቡዕ ጠዋትም የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልቀረ ሰው ነው፤ ኮቪድ ይዞት እንኳ እያሳለ ሲሳደብ ነበር።

ሽፈራው ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ራሱ ነው» አለ። «አክስቶቼ አይደሉም። ራሱ ተክሉ ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም አመንኩት። ቢሆንም አትቀባጥር ብዬ ቆጣ አልኩና እታገኝን ለብቻዋ ጠይቃት አልኩት። ጻፈላት፤ «እታገኝ፣ በእናትሽ፣ ተክሉ ደህና ነው?» ወዲያው አነበበችው። መልሱ ለመምጣት ሃያ ደቂቃ ፈጀ። «ደህና ነው። አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ። እህትህ ነኝ።» በስድብ የምናውቃት ሴት «እህትህ ነኝ» አለች። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሽፈራው ከስራ ቀረ። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ኤርሚ ደወለልኝ። ወጣት ነው፣ ሚስቱ ጸዮን ልጅ ከወለደች ሶስት ወር አይሞላትም። «እትዬ ስመኝ፣ ቤት ናችሁ? ጋሽ ሽፈራውስ አሉ? እንግዲያው ማታ ከጸዮን ጋር ብቅ እንላለን።»

ስልኩን ስዘጋ ሽፈራው ከኋላዬ ቆሟል። «ምን አለሽ?»

«ቤት ናችሁ ወይ አለኝ።»

«እኔ መኖሬን ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ።»

ጋቢውን አውጥቶ ለበሰ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ኤልያና ከክፍሏ ወጥታ አየችውና «ምን ሆኗል?» አለችኝ። በአማርኛ! ልጅቷ ስትደነግጥ አማርኛዋ ይመጣል። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ትልቁን ድስት ጣድኩ፤ ለቅሶኛ ሊመጣ ነው ብዬ። ሽንኩርት ስከትፍ ማልቀሴን ማንም አላወቀም።

አንድ ሰዓት ላይ ኤርሚና ጸዮን ከአራተኛው ሰባት ፎቅ ወጥተው፣ እያለከለኩ ገቡ። ሽፈራው ሳይነሳ ተቀበላቸው። «ተቀመጡ ልጆቼ» አለ። «ንገሩኝ። ስፌት የለኝ፣ ህመም የለኝ፣ እችለዋለሁ።»

ኤርሚ ጸዮንን አያት። ጸዮን እኔን አየችኝ። «ምኑን ጋሼ?»

«አትደብቁኝ። በማርያም፣ ሁለተኛ አትደብቁኝ። መቼ ሞተ?»

«ማን ሞተ?» ብላ ጸዮን ጮኸች። «እኛ እኮ ወንበር ልንዋሳችሁ ነው የመጣነው! እሁድ ክርስትና ነው!»

አስራ ሁለት የሚታጠፉ ወንበሮች እንዳሉን ህንፃው በሙሉ ያውቃል። ማኅበርም ሲሆን ልደትም ሲሆን ይወሰዳሉ። ኤርሚ ማለ፣ ተገዘተ፣ የክርስትናውን መጥሪያ ከስልኩ አውጥቶ አሳየ። ሽፈራው ግን አላመነም። ያንንም ያኔ አይቶታላ፤ የሐበሻ መሐላ ለመደበቅ ሲሆን ይበረታል።

«እሺ፣ እኔ ራሴ እደውልለታለሁ» አለ።

ቁጥሩን ከስልኩ ውስጥ ፈለገ። አላጠፋውም ነበር፤ «ተክልዬ» ተብሎ ነው የተያዘው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደወለ። አንዲት እንግሊዛዊት ደንበኛው አሁን ሊገኝ አይችልም አለች። ደግሞ ደወለ። ያው ናት። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና «ተክልዬ» አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። በትዳር ሃያ አራት ዓመት ስንኖር ሲያለቅስ ያየሁት ይኼ ሁለተኛው ነው። እኔም ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ጸዮንም፣ ማን እንደሞተ ሳታውቅ፣ አብራን ማልቀስ ጀመረች።

በሩ ተንኳኳ። ኤልያና ሄዳ ከፈተች።

አንድ ሽበታም ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሻንጣው እግሩ ስር ወድቋል፣ ኮቱ ተከፍቷል፣ ፊቱ በላብ ርሷል። መናገር ፈለገ፣ ትንፋሽ አጠረው። እንደምንም ብሎ፣ «ሊፍት...» አለ። «ሊፍት በሌለበት... አስራ አንደኛ ፎቅ... ዊልቸር ላይ ያለ ሰው... ምን ዓይነት አገር ነው ይኼ!»

ሽፈራው ከሶፋው ብድግ አለ። ጋቢው ወደቀ። ተክሉ የወንድሙን እግር አየ፣ ፊቱን አየ፣ እንደገና እግሩን አየ።

«ትቆማለህ?» አለው።

«አልሞትክም?» አለው ሽፈራው።

ኤርሚ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና «እትዬ ስመኝ፣ ወንበሮቹን ነገ ብንወስድስ?» አለኝ።

ነገሩ የተፈታው ተክሉ ሶስት ብርጭቆ ውኃ ከጠጣ በኋላ ነው። ፋሩቅ የሚባል ከግሩፑ አንድ ሰው አለ፣ ለንደን አውቶቡስ ይነዳል። ለእህቱ ልጅ ሰርግ ካናዳ መጥቶ ነበር። ኤርፖርት ውስጥ በመስታወት ማዶ ሽፈራውን አየው፤ በፎቶው ነው የሚያውቀው። ዊልቸር ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ተደርጎለታል፣ አንዲት ልጅ እየገፋችው ነው። ሄዶ ሰላም ልበለው ብሎ አሰበና ደግሞ ተወው፤ ሰው በደከመበት ሰዓት እንዳየሁት ቢያውቅ ያፍራል አለ። ለእታገኝ ነገራት። እታገኝ ለሌላው ነገረች። ለተክሉ ብቻ አይነገረው ተባለ፤ ወንድሙ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ይደነግጣል።

«ያ እኮ ስልጠና ነው!» አለ ሽፈራው። «አዳዲሶቹ እኔን ተሳፋሪ አድርገው ነው የሚለማመዱት! ብርድ ልብሱንም እንዴት እንደሚያለብሱ ነው የማሳያቸው! ስራዬ ነው፣ ዊልቸር ነው የምገፋው!»

«ኤርፖርት ነው የምሰራው አላልክም?»

«ታዲያ ዊልቸሩ የት ነው ያለው፣ ወንዝ ዳር?»

እዚህ ላይ ሳቅኩ። ጸዮንም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ኤርሚ መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽፈራውም ሳቀ፤ እያሳለ። እኔ ጋሽ ተክሉ ኮትዎን ያምጡ እያልኩ ወዲያ ወዲህ ስል ያልሳቀው እሱ ብቻ መሆኑን አየሁ። ኮቱን አልሰጠኝም።

«ስምንት ቀን» አለ ተክሉ።

ሳቃችን ቀነሰ።

«ስምንት ቀን ደበቁኝ። ሰኞ ዕለት እታገኝ አላስችል ብሏት ነገረችኝ። ስምንቱን ቀን ሙሉ አብሬያቸው ስቀልድ ነበር። አንተን ስሰድብህ እያወቁ ያዩኝ ነበር። ከስሬ ይስቁልኝ ነበር። ሽፌ፣ ስሰማው ያበድኩ ነው የመሰለኝ። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር። ስምንት ቀን ነው። ስምንት ቀን አልቻልኩም። አንተን አርባ...»

መጨረስ አቃተው። ጣቱን በጣቱ እያሸ ወለሉን ያያል። በህይወቴ እንደዚያ ያፈረ ሰው አላየሁም። ዘጠኝ ዓመት የያዝኩበት ቂም ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

ሽፈራው ይቅር ብዬሃለሁ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠና፣ እኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንንም ሲጠይቅ ሰምቼው የማላውቀውን ጠየቀ።

«መጨረሻ ላይ እንዴት ነበረች?»

ተክሉ ነገረው። አላሰቃያትም አለ። ከሰዓት በኋላ ጋደም ብላ ነው አለ፤ ጎረቤቶች ነበሩ። «እኔ አልደረስኩላትም፣ የደረስኩት ለቀብሩ ነው። የአንተን ኦፕራሲዮን ሰምታ ነበር፤ ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን እንኳ ስለ አንተ ነው የጠየቀችው። ስፌቱ ጠገገ ወይ አለች።»

«በሶስተኛው ቀን ሃሃሃ ብለህ ጻፍክልኝ» አለ ሽፈራው።

«ድንኳኑ ጀርባ ሆኜ ነው። በየቀኑ እዚያ እሄድ ነበር፣ እንዳትጠረጥር ልሰድብህ። ለቅሶኛው ሁሉ እያየኝ፣ የሰውዬው እናት ሞታ ስልክ ይነካካል ብለው ታዘቡኝ። እያለቀስኩ ነበር ሽፌ። ፊደሉ አይታየኝም ነበር።»

ያኔ ነው ሁለቱ የተቃቀፉት። ያለቃቀሳቸውን ነገር አልነግራችሁም። የስድሳ ዓመት ሰዎች ናቸው፣ እንደ ልጅ «እማዬ» እያሉ ነው። ሽፈራው ያኔ ሽማግሌዎቹ ፊት ያለቀሰው እንዲህ አልነበረም፤ ያኔ ብቻውን ነበር። ጸዮን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ኤርሚ ሳልነግረው ተነስቶ ወንበሮቹን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥቶ በግድግዳው ዙሪያ ዘረጋ። የጣድኩት ወጥ ደርሷል።

ጩኸቱ ኮሪደሩን ሞልቶት ኖሮ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጃማይካዊት ሚስ ቨርና ናት፤ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ነው የመጣችው። ማን ሞተ ብላ ኤልያናን ጠየቀቻት።

«አያቴ» አለቻት ኤልያና በእንግሊዝኛ።

«ወይኔ ልጄ! መቼ?»

ኤልያና ወደ እኛ ዞር ብላ አየች፤ አባቷንና አጎቷን። ምን ልበል የምትል መሰለኝ። ከዚያ እውነቱን ነገረቻት። «ዘጠኝ ዓመት ሆናት።»

ሚስ ቨርና ትስቃለች ብዬ ፈራሁ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። የቤት ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች፣ ኤርሚ ከዘረጋቸው ወንበሮች አንዱን ስባ ሽፈራው አጠገብ ተቀመጠች፣ እጁን ያዘች። ስሟ ማን ነበር አለችው።

ሽፈራው ፊቱን ጠረገ። «አመለወርቅ» አላት።